ጋሼ በየጠዋቱ ውሃ ያጠጧት መኪና

አርታ ያለው ትምህርት ቤት የሳይንስ መምህርት ሊያደርገኝ እንደተስማማ ሲነግረኝ መጀመሪያ የጠየቅሁት ቤተ ሙከራው የውሃ ቧንቧ እንዳለው ነበር። አለው። ማይክሮስኮፕም አለው። እኔ እስከዚያ ድረስ ካርቲየ 6 በሚባለው የጅቡቲ ከተማ ሰፈር ባለች ጠባብ ትምህርት ቤት በጠመኔና በባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ነበር የማስተምረው። ተማሪዎቼ ስለ ሕዋስ የሚያውቁት እኔ ሰሌዳ ላይ የሣልኩትን ክብ ብቻ ነው፤ የእኔ ክብ ደግሞ ሁልጊዜ ድንች ይመስላል።

ችግሩ መንገዱ ነበር። አርታ ከከተማችን በስተምዕራብ ተራራ ላይ ናት፤ ትምህርት የሚጀመረው ደግሞ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ሚኒባስ አለ፤ የሚነሳው ግን ሲሞላ ነው፤ መቼ እንደሚሞላ ሾፌሩም አያውቅም። ርእሰ መምህርቷ በስልክ ረጋ ብለው ነገሩኝ፦ "ካንቺ በፊት የነበረው መምህር በጣም ጎበዝ ነበር፤ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ ግን አይተነው አናውቅም።" መልሴን የሚፈልጉት ነሐሴ ከማለቁ በፊት ነው። የሚያስተማምን መኪና ካላገኘሁ ቤተ ሙከራው ለሌላ ሰው ይሰጣል።

አቅሜ የሚፈቅዳቸውን መኪኖች ሁሉ አየሁ። ትንንሾቹ በራቸው ከተከፈተ የማይዘጋ፣ ከተዘጋ የማይከፈት ነበሩ። በመጨረሻ እናቴ "ለምን የጋሼን አታይም?" አለችኝ፤ ሳቅሁ። የጋሼ መኪና የሚታይ እንጂ የሚገዛ ነገር አይመስለኝም ነበር።

ጋሼ የሟች አባቴ ጓደኛ ናቸው። የእኛም የእሳቸውም ቤተሰብ በባቡሩ ዘመን ከድሬዳዋ ወርዶ እዚሁ የቀረ ነው። ወደብ ላይ የመጋዘን ኃላፊ ሆነው ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። መኪናዋን የገዙት አገሩን ለቅቆ ከሚሄድ የውጭ አገር ዲፕሎማት ነው። ጥቁር፣ ጀርመን ሠራሽ፣ ወንበሯ ቆዳ፣ በሯ ሲዘጋ እንደ መጽሐፍ ቅዱስ ድም የሚል። ካርቲየ 2 ውስጥ የሰፈሩን መንገድ እኩሌታ ይዛ በሸራ ተሸፍና ትቆማለች። እዚህ ያለነው የኢትዮጵያውያን ልጆች ስንዳር ሙሽራዋ ወደ ቤተ ክርስቲያን የምትሄደው በእሷ ነው፤ ሹፌሩም ጋሼ ናቸው። አሁን ግን ዓይናቸው ደክሟል፤ ሐኪሙ መንዳት ከልክሏቸዋል። አንድ ነጋዴ ፈታትቶ ዕቃዋን ሊሸጥ ጠይቋቸው አባረውታል።

"ለሚያርዳት አልሸጥም" አሉኝ ሸራውን እየገለጡ። "ለሚነዳት ነው። ግቢ።"

ገባሁ። ቁልፉን ሳዞር ቆጣሪው በራ፤ ሦስት መቶ ሺህ ኪሎ ሜትርን አልፏል። ከኋላ የተቀመጠችው እናቴ አንገቷን አስግጋ አየችና "ይሄ ምንድን ነው፣ የስልክ ቁጥር ነው?" አለች።

እኔ ደግሞ ሲጠይቁኝ ማስረዳት እወዳለሁ፤ ሳይጠይቁኝም። ቁጥሩ ብቻውን ብዙ እንደማይናገር አስረዳኋት። በረጅም መንገድ በአንድ ፍጥነት የሄደ ሞተር ገበያ ውስጥ ሲነሳና ሲቆም ከዋለው ያነሰ ይጎዳል። ስለዚህ የሚጠየቀው ስንት ሄደ ብቻ ሳይሆን እንዴት ሄደ፣ ዘይቱ በጊዜው ተቀየረለት ወይ፣ ካምቢዮው ሲቀየር ይመታል ወይ የሚለው ነው።

"ይህን ለተማሪዎችሽ ንገሪያቸው" አለች እናቴ የወንበሩን ቆዳ እየዳበሰች። "እኔ የማውቀው ሙሽሮች ሁሉ በእሷ መሄዳቸውን ነው። አንቺ ብቻ ቀርተሻል።"

"ልገዛት ነው እንጂ ልዳርባት አልመጣሁም።"

"ማን ያውቃል፣ ሁለቱም ይሆናል" አሉ ጋሼ።

የመጀመሪያው ሙከራ በማለዳ፣ በባሕሩ ዳር ነበር። መንዳት ሳይሆን መንሳፈፍ ነው የምለው። ማቀዝቀዣው፣ እዚህ ክሊም የምንለው፣ እናቴን ነጠላ አስደረባት። ጋሼ አጠገቤ ተቀምጠዋል፤ በየመታጠፊያው ቀኝ እጃቸው ራሱ የሌለ መሪ ያዞር ነበር። ቤት ስንመለስ ልቤ ገዝቷታል። ለጭንቅላቴ ግን አንድ ነገር ቀርቶታል፤ ማለዳ በሜዳ ላይ ማንም መኪና ጥሩ ነው። ለእኔ የሚያስፈልገኝ ዳገቱ ነው። በነሐሴ ቀትር ዳገቱን ከወጣች፣ ንጋት ላይ ትወጣዋለች።

"በቀትር?" አለች እናቴ። "ሰው በዚህ ሰዓት ከቤት አይወጣም፣ መኪና ታስወጫለሽ?"

"ፈተና ከትምህርቱ መክበድ አለበት እማዬ።"

"ምስኪን ተማሪዎችሽ።"

ያም ሆኖ መጣች። ዓርብ ቀትር ላይ ሦስታችንም ወጣን። ወደ ኢትዮጵያ የሚወስደው መንገድ በከባድ መኪና ተሞልቷል፤ ነፋሱ አሸዋ ይረጫል። ሜዳው እስኪያልቅ ድረስ የሙቀት መለኪያው መሐል ላይ ቆመ። አቀበቱ ሲጀምር ግን ቀስ እያለ መነሳት ጀመረ። ክሊሙን አጠፋሁ። አልወረደም። አሁንም ወደ ቀዩ መጣ። ያኔ የማሞቂያውን ቁልፍ እስከ መጨረሻው አዞርኩት።

ጋሼ ትኩሱ አየር ፊታቸውን ሲመታቸው ዘለሉ። "ምን አደረግሽ?"

"ማሞቂያ ነው ጋሼ። የሞተሩን ሙቀት ወደ እኛ ይስበዋል። እኛ ስንሞቅ እሱ ይቀዘቅዛል።"

"ማሞቂያ! ጅቡቲ ውስጥ! ይህ ቁልፍ እኮ እኔ ዘንድ ከመጣች ተነክቶ አያውቅም!"

"ልጄ ገደለችን" አለች እናቴ መስኮቱን እያወረደች። ከውጭ የገባውም አየር ከእሳት የተሻለ አልነበረም። ሦስታችንም ላባችን እየተንጠባጠበ ጥቂት ወጣን፤ መርፌው ግን አልተመለሰም። መንገድ ዳር አቁሜ ኮፈኑን ከፈትኩ።

አንድ የኢትዮጵያ ከባድ መኪና ከኋላችን እያቃሰተ መጣ። ሾፌሩ ፍጥነቱን ቀንሶ በመስኮቱ ብቅ አለና "እማማ! የታመመችው ሙሽራዋ ናት ወይስ መኪናዋ?" ብሎ ጮኸ።

"አንተን ብሎ መድኃኒተኛ! ወደፊትህ እይ!" አለችው እናቴ። ሳቁ ዳገቱን ከጭነቱ ቀድሞ ወጣ።

እስኪበርድ ጠበቅን። የራዲያተር ክዳን በትኩሱ አይከፈትም፤ የታመቀው ውሃ ፊት ያቃጥላል፤ ይህንንም አስረዳሁ፤ ማንም አልሰማኝም። ጋሼ ከኋላ ሳጥኑ ትልቅ ጀሪካን አወጡና ደረታቸውን ነፍተው መጡ።

"አይዞሽ፣ ውሃ አጥታ አታውቅም። በየጠዋቱ አጠጣታለሁ። ሰው ቁርሱን ሳይበላ እሷ ትጠጣለች። አንድም ቀን ዘንግቼ አላውቅም።"

"ምን ውሃ ጋሼ?"

"ምን ውሃ ማለት ምንድን ነው? የቧንቧ ነዋ።"

የዚህ ከተማ ሰው የቧንቧችንን ውሃ ያውቀዋል። ሻይ ሲፈላበት ጨው ጨው ይላል፤ ማንቆርቆሪያው ውስጡ ነጭ ቅርፊት ይሠራል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ መኪናም ማንቆርቆሪያ እንደሆነች ግን አናስብም። ክዳኑን ስከፍት አፉ ዙሪያውን በነጭና በቡናማ ቅርፊት ተከቧል። ከውሃው በትንሽ ጠርሙስ ቀዳሁ፣ ራዲያተሩን በጀሪካኑ ውሃ ሞልተን ቁልቁል ተመለስን።

ቁልቁለቱን ስወርድ ቤተ ሙከራው ከጀርባዬ እየራቀ የሚሄድ መሰለኝ። የካርቲየ 6 መካኒክም ሲያያት አላጽናናኝም። ሶማሊኛና አማርኛ እየቀላቀለ "እህቴ፣ ይህቺ አሮጊት ንግሥት ናት" አለኝ። "ቤተ መንግሥት አለሽ? ከሌለሽ ተያት።" የመለዋወጫ ነገር ማለቱ ነው፤ እውነትም ነበረው። ብዙ ኪሎ ሜትር የሄደች የቅንጦት መኪና ርካሽ የምትሆነው ከገዟት በኋላ ስለምትወደድ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው ላይ ይተዋት ነበር። እኔ ግን ያልገባኝን ነገር ትቼ መተኛት አልችልም። የተበላሸው ምንድን ነው? ሞተሩ ነው ወይስ ውሃው?

በማግስቱ ሰገነታችን ላይ ሦስት ሳህን አሰለፍኩ። አንዱ ላይ ከራዲያተሩ የቀዳሁትን፣ አንዱ ላይ የቧንቧ ውሃ፣ ሦስተኛው ላይ እናቴ ከክሊሙ ሥር በባልዲ የምታጠራቅመውን ጠብታ አደረግሁ። የቀረውን ፀሐይ ሠራው። ጋሼን ጠራኋቸው። ዓይናቸው ስለደከመ ሳህኖቹን አፍንጫቸው ድረስ እያስጠጉ አዩ። የክሊሙ ባዶ ነው። የቧንቧው ነጭ ክብ ሠርቷል። የራዲያተሩ ላይ ግን ቡናማ ቅርፊት ተጋግሯል። በጣታቸው ሊነኩትና ወደ አፋቸው ሊወስዱት ሲሉ እጃቸውን ያዝኩ።

"እሱን አይቅመሱ፤ ዝገት አለበት። ከፈለጉ የቧንቧውን።"

ቀመሱት። ፊታቸው ተጨማደደ።

"ውሃው ሲተን ጨዉ አብሮ አይሄድም" አልኳቸው። "በማግስቱ አዲስ ውሃ ሲጨምሩ አዲስ ጨው ይገባል። አሳል ሐይቅን አይተውታል አይደል? ባሕሩ ሲገባ፣ ፀሐይ ስትጠጣው፣ ጨዉ ሲቀር ነው እንደዚያ የሆነው። የራዲያተሩ ቀጫጭን መንገዶች ተደፍነዋል።"

ሳህኑን ዳግመኛ ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። ባልናገርኩ ብዬ ማሰብ ጀምሬ ነበር።

"በየጠዋቱ" አሉ በመጨረሻ። "ለሚስቴ አንድ ቀን እንኳ ውሃ አቅርቤላት አላውቅም። ይኸው እሷ ደህና ናት።"

እናቴ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ወደ ደረጃው ዞረች። ጋሼም ሳቁ፤ ዓይናቸውን ግን ጠረጉ።

መካኒኩ እያጉረመረመ ራዲያተሩን አወረደው። ሲያዘነብለው እንደ ጠመኔ የተሰባበረ ነጭ ነገር ረገፈ። ሞተሩን ሲፈትሽ ግን ማጉረምረሙን አቆመ፤ አልተቃጠለም። ጋሼ የሚነዱት በሜዳ፣ ለአጭር መንገድ፣ ሙሽራ እንደጫኑ በቀስታ ስለነበር ሙቀቱ ለከፋ ጉዳት አልደረሰም። በውሃቸው የጎዷትን ያህል በአነዳዳቸው አድነዋታል። ሌላ ራዲያተር ከተፈታ መኪና ተገኘ፤ የሞተሩም የውሃ መንገድ ታጠበ። ከሞተሩ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ጋር የሚደባለቀው ደግሞ ጨው የሌለበት ውሃ መሆን ነበረበት።

"የእኔን ባልዲ እንዳትነኩ!" አለች እናቴ። "የልብስ መተኮሻዬ ውሃ ነው።"

ስለዚህ ጋሼ ጀሪካናቸውን ይዘው ካርቲየ 2ን ቤት ለቤት ዞሩ። ከኋላቸው ስደርስ አንዲት ጎረቤት በር ላይ ቆመው የክሊሟን ጠብታ ሲለምኑ አገኘኋቸው።

"ጋሼ፣ ቧንቧው ተቋረጠ እንዴ?" አለቻቸው ሴትየዋ።

"አልተቋረጠም። ግን አሳል ሐይቅን አይተሽዋል?" ብለው ጀመሩ። ከእኔ የተሻለ አስረዱ። የእኔን ድንች የሚመስል ክብ የሚያስንቅ ምሳሌ እንኳ ጨመሩበት፤ የመኪናዋን ሳንባ ከሚያጨስ ሰው ሳንባ ጋር አነጻጸሩት። ሴትየዋ ባልዲዋን ይዛ መጣች፣ ባሏም ሲጋራውን አጠፋ።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል እንደገና በቀትር ወጣን። እናቴ በዚህኛው ጊዜ ቤት ቀረች፤ "ስትቀዘቅዙ ጥሩኝ" ብላ። ሜዳው አለቀ፣ አቀበቱ ጀመረ። ጋሼ መለኪያውን ማየት ስለማይችሉ በየደቂቃው "የት ነው?" ይላሉ፣ እኔም "መሐል ላይ" እላለሁ። "አሁንስ?" "መሐል ላይ።" "ክሊሙን አጥፍተሽው እንዳይሆን።" "በርዶዎት የለ እንዴ?" ባለፈው የቆምንበትን አለፍን። ወደ አርታ የሚያወጣውን መንገድ ተጠማዝዘን ወጣን፣ ነፋሱ ቀለል አለ፣ መርፌው ግን ከቦታው አልተነቃነቀም።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ አቆምኩ። የእረፍት ጊዜ ስለሆነ ዝግ ነበር። በአጥሩ ሽንቁር ረጅሙን ክፍልና መስኮቶቹን አየሁ፤ የትኛው ቤተ ሙከራ እንደሆነ አላወቅሁም፤ ሁሉንም ወደድኳቸው።

እውነቱን ለመናገር መኪናዋ ምን ያህል እንደምትቆይ አላውቅም ነበር፤ አሁንም አላውቅም። ካምቢዮዋ ነገ ሊተወኝ ይችላል። መቶ በመቶ የሚያስተማምን መኪና ብጠብቅ ኖሮ ግን ያ ክፍል የሌላ መምህር ይሆን ነበር። የማላውቀው ብዙ ቢሆንም የምታሳስበኝ በየትኛው በኩል እንደሆነ አውቄያለሁ፤ ያን ያህል ካወቅሁ የቀረውን እየነዳሁ እማራለሁ። እዚያው ቆሜ ለርእሰ መምህርቷ ደወልኩ።

"በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ትደርሻለሽ?" አሉኝ።

"እደርሳለሁ።"

ስልኩን ስዘጋ ጋሼ በሩን ከፍተው ወረዱ። ቁልፉን እንድመልስላቸው የፈለጉ መስሎኝ ዘረጋሁላቸው። እጄን በቀስታ ወደ እኔ መለሱት።

"ከዋጋው ሌላ አንድ ነገር ብቻ እጠይቅሻለሁ። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አድርሺኝ።"

"ይህማ ምን ያስጠይቃል ጋሼ።"

"ከኋላ ነው የምቀመጠው" አሉና የኋላውን በር በዳበሳ ፈልገው ከፈቱት። "ይህን ሁሉ ዘመን ሰው ሳመላልስባት አንድ ቀን ከኋላ ተቀምጬ አላውቅም። ከዛሬ ልጀምር።"

ገቡ፣ እግራቸውን ዘረጉ። በሩን ዘጋሁላቸውና ወደ መሪው ዞርኩ።