የአረፋ ዋዜማው ቅጥቅጥ

በአረፋ ዋዜማ ጠዋት እናቴን ይዤ ወደ ወልቂጤ ልሄድ አየር ጤና ወጣሁ። በዋዜማ መኪና ማግኘት ምን ማለት እንደሆነ የጉራጌ ልጅ ያውቀዋል። ሰዉ በመስኮት ይገባል፣ በክርን ይዋጋል። እኛም ተጋፍተን፣ ተሰዳድበን አንድ ቅጥቅጥ አገኘን... ያው የጭነት መኪና የነበረ፣ ጋራዥ ገብቶ ቆርቆሮ ተቀጥቅጦለት አውቶብስ ሆኖ የወጣ። እናቴን ጋቢና፣ ከሹፌሩ ጎን አስቀመጥኳት።

እኔ ደግሞ አመል አለብኝ። ከመሳፈሬ በፊት ዞሬ ጎማ አያለሁ። ሚስቴ «ጎማ ነው ወይስ ሚስት የምትመርጠው?» እያለች ትስቅብኛለች።

የፊተኛው የቀኝ ጎማ ጥርሱ አልቆ ሽቦው ወጥቷል። መኪናው ቁልቁለት ላይ ነው የቆመው፣ እንዳይንሸራተት ከኋላ ጎማው ፊት ትልቅ ድንጋይ ተደርጎለታል።

«ወንድም፣ የእጅ ፍሬኑ አይሠራም እንዴ?» አልኩት ሹፌሩን።

«ቦሎ አለው። መስታወቱ ላይ ተለጥፏል፣ ማየት ትችላለህ።»

«ቦሎ መኪና አያቆምም። እስቲ ፍሬኑን አንዴ ርገጠውና ልይ።»

«አንተን ሳልረግጥህ ግባ!»

ተሳፋሪው ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም። ጋቢና የተቀመጠችው እናቴ ናት።

«እማ፣ ውረጂ» አልኳት።

«አልወርድም! ስንት ተጋፍቼ ያገኘሁትን ወንበር? ወንድሞቼ በሬ ገዝተው እየጠበቁኝ አንተ ጎማ ትመረምራለህ?»

ደሜ ፈላ። ሹፌሩ ፊቱን ሲያዞር ተንበርክኬ በቤቴ ቁልፍ ጫፍ የጎማውን ቫልቭ ተጫንኩት። ፍስስስ... ማስተንፈስ ጀመርኩ።

መጀመሪያ የደረሰብኝ ሹፌሩ ነው። በብረት ትከሻዬን ሲለኝ ክንዴ በድን ሆነ። ከዚያ ተሳፋሪው ተከታትሎ ወረደ... አውቶብሱ ባዶ እስኪሆን ድረስ። አንድ ኮት የለበሰ ሰውዬ ጎኔን በካልቾ አለኝ። አንዷ ዣንጥላዋን ጀርባዬ ላይ ታወርደው ጀመር። «አረፋን መንገድ ላይ ሊያሳድረን!» እያሉ ነው የሚመቱኝ። አፌ ደም ደም አለኝ። ወንበር ሲሻሙ የነበሩ ሰዎች እኔን ለመምታት እንዲህ ይስማማሉ ብዬ አስቤ አላውቅም።

በሰዉ እግር መሃል እናቴ ከጋቢና ስትወርድ አየኋት። አልሐምዱሊላህ፣ ልጇን ልታስጥል መጣች አልኩ። ጫማዋን አወለቀች... እና ጉንጬን በጫማው አጮለችኝ!

«ከወንድሞቼ ልታቆራርጠኝ ነው? አንተ ሸይጣን!»

ሹፌሩ «በቃ ተዉት! ታች ሜዳው ላይ ላውርደውና ጎማ ልቀይር፣ ከዚያ ትሳፈራላችሁ» አለ። ድንጋዩን አንስቶ ወረወረና ገባ።

መኪናው መጀመሪያ ቀስ ብሎ ነው የሄደው... ከዚያ ፈጠነ። ሹፌሩ መሪው ላይ ተንጠልጥሎ ትከሻው ሲነሳና ሲወድቅ ይታየኛል። ፍሬን እየረገጠ ነው፣ ግን የሚይዝለት የለም። ክላክሱን ተጭኖ አልለቀቀውም። መንገደኛው ተበታትኖ ሮጠ። ቅጥቅጡ ታች ካለው የግንብ አጥር ጋር ተላተመ።

የሹፌሩ ወገን ተርፏል። የእናቴ ወንበር ግን ከግንቡ ጋር ተጣብቆ እንደ ቆርቆሮ ጣሳ ተጨራምቷል።

ከዚያ ያ ኮት የለበሰው «ሊፈጀን ነበር!» ብሎ ጮኸ። ሁላችንም ቁልቁል ሮጥን፣ ሹፌሩን በመስኮት ጎትተው አወጡት። እኔን የመታ እጅ ሁሉ እሱ ላይ አረፈ። ካልቾውም ዣንጥላውም ወደሱ ዞረ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ። በደህናው እጄ እኔም አንድ አቀመስኩት።

ግን ግንባሩ ተተርትሮ ደሙ ዓይኑን ሸፍኖታል። የእናቴን ቀሚስ ይዞ «እማማ፣ ያስጥሉኝ!» ይላል። አንዱ ያንን ሹፌሩ የወረወረውን፣ ቁልቁል ተንከባሎ የመጣውን ድንጋይ ሲያነሳ አየሁ። ያኔ ፈራሁ፣ ሊገድሉት ነው። ሳላስበው ላዩ ላይ ተጋደምኩበት... እና በአንድ ጠዋት ለሁለተኛ ጊዜ ተደበደብኩ። እናቴ በዚያው ጫማ በተራዋ ሰዉን እያራወጠች ቆየች፣ ፖሊስ ሲመጣ በረደ።

ይቅርታ ያለኝ ሰው የለም። ሁሉም ሌላ መኪና ፍለጋ ሄደ።

ቤቴል አንድ ክሊኒክ ገብተን ትከሻዬ ሲታሰር እናቴ ከጎኔ ተቀምጣ አለቀሰች። ከዚያ እንባዋን ጠረገችና ኮራ ብላ «አየህ? አንተን ልመታ ባልወርድ ኖሮ ይሄኔ ሞቼ ነበር» አለችኝ።

ያበጠ ጉንጬን ደግፌ «እጅሽ ይባረክ» አልኳት።