አክስቴ ያስቀየረችው ዱአ

ባለፈው ቅዳሜ የጀርመን ቪዛዬ ወጥቶ ዱአ ሊደረግልኝ መካነ ሰላም ወላጆቼ ቤት ገባሁ...

ሥራዬ የገብስ በሽታ ማጥናት ነው። አንድ የጀርመን ዩኒቨርሲቲ አብረሽን ተመራመሪ ብሎ ጠራኝ። እናቴ ግን ለጎረቤት «ቪዛ ወጣላት» ብላ ብቻ ነው የነገረችው። በእኛ አገር ደግሞ ሴት ልጅ ቪዛ ወጣላት ከተባለ ዓረብ አገር ልትሄድ ነው። ዘንድሮ ዲግሪ የያዘም ይሄዳልና ማንም አልገረመው።

ቤቱ ሞልቷል፤ ከከላላ ድረስ ዘመድ መጥቷል። አክስቴ ዘይነባ ግን ጥግ ላይ ፊቷን አጥቁራ ተቀምጣለች። ጅዳ ሰው ቤት እየሠራች ያስተማረችኝ እሷ ናት። ሰላም ስላት ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም... እሷ ሳትመርቀኝ እንዴት ብዬ ልሂድ?

ሸህ ሰይድ ለሚሄዱ ሴቶች ሁሉ የሚያደርጉትን ዱአ ጀመሩ። ልቧ የራራ ማዳም ይስጥሽ... አሚን። እንቅልፍ ከምትነሳ ማዳም ይሰውርሽ... አሚን። እኔም ከሰው እኩል አሚን እላለሁ እኮ!

ይሄኔ አክስቴ ብድግ አለች።

«እኔ የሰው ሽንት ቤት ያጠብኩት አንቺ እንዳታጥቢ ነበር። ፓስፖርትሽን ማዳሟ ስትቆልፍብሽ ምን ልትሆኚ ነው?»

የእሷን ቆልፈውባት ነው የገዛ እናቷን ሳትቀብር የቀረችው።

ፓስፖርቴን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋት። ማዳም የሚባል እንደሌለ፣ የምሠራው ላብራቶሪ እንደሆነ፣ ባሌንና ልጄን ይዤ እንደምሄድ አንድ በአንድ አስረዳኋት። ቪዛው ላይ ያለውን ፎቶዬን ቆይታ አየችው።

«እና ይሄን እዚያ ማን ይይዘዋል?»

«እኔው ነኛ፣ አክስቴ።»

«መምጣት ስትፈልጊስ?»

«ተነስቼ እመጣለሁ።»

ፓስፖርቴን መለሰችልኝና ወደ ሸሁ ዞረች።

«አውፍ ይበሉኝ ሸሆቼ... ይቺ ልጅ በእውቀቷ ተጠርታ ነው የምትሄደው። ዱአው ይቀየርልን።»

ሸሁ ግራ ገባቸው። ለእንዲህ ያለ ቪዛ ዱአ አድርገው አያውቁም። ጥቂት አሰቡና እጃቸውን ዘረጉ፦

«ያረቢ... ስትናገር የሚሰማት ሰው ስጣት።»

የአክስቴ አሚን ከሁሉም በላይ ተሰማ። እኔ እንባዬን መቆጣጠር አቃተኝ። ከዩኒቨርሲቲ ስመረቅም እንደዚህ አልኮራሁም።

ሰዉ ሲበተን አንዲት ጎረቤታችን ጠጋ ብላ ለልጇ እንዲሆናት ይህን ቪዛ ያወጣው ደላላ ማን እንደሆነ ጠየቀች። እኔ ላስረዳ አፌን ስከፍት አክስቴ ቀደመችኝ።

«እኔ ነኝ» አለች፣ አንገቷን ቀና አድርጋ።

ወላሂ አልዋሸችም።