ከበረዶ ሸርተቴ ያመጣሁት «ወለምታ»

ሕመሙ የጀመረኝ ባቴ ላይ ነው። ናይሮቢ፣ ዌስትላንድስ ያለውን የመሥሪያ ቤታችንን ደረጃ ስወጣ ግራ ባቴን ጨምድዶ ያዘኝ። ቆሜ ደባበስኩት። አብጧል፣ ይሞቃል። አልደነገጥኩም፤ ምክንያቱን የማውቅ መስሎኝ ነበር።

ከአውሮፓ ከተመለስኩ ሳምንት አልሞላኝም። ፈረንጅ ባልደረቦቼ ለበረዶ ሸርተቴ ጋብዘውኝ ነው የሄድኩት። የአዲስ አበባ ልጅ ነኝና የማውቀው በረዶ ጣሪያ የሚደበድበውን ነው። አስተማሪ ሳልይዝ ተዳፋቱን ወረድኩ። ተገለባበጥኩ፤ መንሸራተቻው ከጫማዬ አልላቀቅ ብሎ ጉልበቴን ጠመዘዘው። የዚያው ሐኪም «አጥንት አልተሰበረም፤ ግን ከመብረርህ በፊት ተመልሰህ ና፣ ልይህ» ብሎ ጉልበቴን አሰረልኝ። አልተመለስኩም። ናይሮቢ እስክደርስ፣ ሽንት ቤት ላለመመላለስ ውሃ ሳልጠጣ፣ መስኮት ሥር ተቀርቅሬ መጣሁ።

ባለቤቴ ሰናይት ባቴን አይታ «ወለምታ ነው፤ ጋሽ ደምሴ ጋ እንሂድ» አለች። ጋሽ ደምሴ ኢስትሊ ሰፈር ያለ ሐበሻ ሁሉ የሚያውቃቸው ወጌሻ ናቸው። ወለምታ የሚለውን ቃል ስሰማ ሐኪም ቤት ከሐሳቤ ወጣ። ጉልበት ተጠምዝዞ እግር ካበጠ ሌላ ምን ይባላል?

ጋሽ ደምሴ ቅባት ቀቡኝ። ሁለት አውራ ጣታቸውን ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ሰክተው ወደ ላይ ገፉ። ጮህኩ። «ቻል ልጄ፣ የተቋጠረው ነው» አሉኝ። ደግመው ገፉ። ሰናይት ትከሻዬን ተጭናለች። ፍራሹን ነከስኩ። ቋጠሮው እስኪሟሽሽ አሹኝ።

«በል ተነሥ» አሉኝ።

ተነሣሁ። ደረቴን ወጋኝ። አየር ሳብኩ። አልገባም። ደግሜ ሳብኩ። አልገባም። ልቤ ጎድኔን ይደበድባል። ሳልኩ። መዳፌ ላይ ደም አየሁ። ወደቅሁ። ሰናይት ስሜን እየጠራች ፊቴን በጥፊ ትመታለች። መሞቴ ነው አልኩ። ፈራሁ።

ጋሽ ደምሴ አቅፈውኝ በታክሲ ሆስፒታል ደረስን። ከሲቲ ስካኑ በኋላ ኬንያዊቷ ሐኪም «እግርህ ውስጥ የረጋ ደም ነበር፤ ተቆርጦ ሳንባህ ገብቷል» አለችኝ። ከዚያ ቅባት የጠገበውን ባቴን አየች። «ማን ነው ያሸህ?» ሰናይትን አየኋት። ዞር ብላ በስዋሂሊ «ናኒ?»፣ ማን ነው? ስትል፣ በር ላይ የቆሙት ጋሽ ደምሴ «ሚሚ፣ ዳክታሪ» አሉ፤ «እኔ ነኝ፣ ዶክተር» ማለታቸው ነው። «የረጋውን ደም ያላቀቀው ማሸቱ ነው» አለቻቸው።

መጀመሪያ ሄፓሪን የሚባል መድኃኒት በደም ሥሬ ተሰጠኝ፤ ከዚያ ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ ለወራት እየዋጥኩ፣ አይኤንአር የተባለውን የደም ምርመራ እየተመላለስኩ፣ ጾም ሲገባ ሱኩማ ዊኪ በላይ በላዩ ስበላ ጎመኑ የመድኃኒቱን ጉልበት እንደሚሰብረው ከሐኪሟ ቁጣ እየተማርኩ፣ ቀስ በቀስ ያንኑ የመሥሪያ ቤት ደረጃ ሳላርፍ ለመውጣት በቃሁ።

ለበረዶ ሸርተቴ የምትሄዱ፣ አስተማሪ ያዙ፤ መንሸራተቻውን በክብደታችሁ ልክ ያስተካክሉላችሁ፤ የጉዞ ኢንሹራንሳችሁ ሸርተቴንም እንደሚሸፍን ጠይቁ። ከወደቃችሁ ሐኪም ሳያያችሁ አትብረሩ። አውሮፕላን ውስጥ ውሃ ጠጡ፣ ተነሥታችሁ ተንቀሳቀሱ። ከጉዞ በኋላ አንድ ባታችሁ ቢያብጥ ግን፣ የፈለገ ሰው ወለምታ ነው ቢላችሁ፣ እጅ እንዳያርፍበት፤ በቀጥታ ሆስፒታል።

ሐኪሟን አመሰግናለሁ። ሰናይትን አመሰግናለሁ፤ ጥፊዋ ዛሬም ይሰማኛል። ጋሽ ደምሴንም አመሰግናለሁ፣ የሚገርማችሁ ካለ ይግረማችሁ። ዛሬም ያሻሉ፤ ግን ቅባቱን ከማንሣታቸው በፊት «በአውሮፕላን ነው የመጣኸው?» ብለው ይጠይቃሉ። በቀደም ደወሉልኝ። ከውጭ የመጣ እንግዳ እያነከሰ ሄዶባቸው፣ ራሳቸው ሆስፒታል ወስደውት ኖሯል።

«ያንተው ነው አሉ፤ የረጋ ደም» አሉኝ። ከዚያ ጨመሩ፤ «አልነካሁትም።»