ለስላሳ ሹካና ጠንካራ ሹካ

በቤታችን የዓርብ ማታ ማዕድ ሕግ አለው፤ ያወጣሁትም እኔ ነኝ። ማዕድ ላይ የሚነገረው አማርኛ ብቻ ነው። ልጄ እዚሁ እስራኤል፣ አሽዶድ ከተማ ተወልዳ ያደገች፣ ኮምፒዩተር ላይ ተቀምጣ የምትውል ሴት ናት። ቀኑን ሙሉ የምትናገረውን ዕብራይስጥ ዓርብ ማታ በር ላይ እንደ ጃንጥላ አስቀምጣ እንድትገባ አዝዣለሁ። እኔ ተማሪ ቤት አልገባሁም። የአማርኛውን ፊደል በራሴ፣ የዕብራይስጡን ደግሞ ወደብ ስሠራ የዕቃ ሣጥን ላይ ከተጻፈው ነው የለቀምኩት። ሰው ለፍቶ ያገኘው ነገር እንዲረክስበት አይወድም።

አንድ ዓርብ ልጄ ሰላጣዋን እያነሳች፣ «ሰሞኑን ጠንካራ ሹካ ሳይመጣብን አይቀርም» አለች።

ባለቤቴ ማላመጧን አቆመች። «የስጋው ነው የወተቱ?»

በሃይማኖታችን ስጋና ወተት አይነካኩም፤ ስለዚህ በእኛ ቤት ሹካ ሁለት መሳቢያ አለው፤ የስጋው በቀኝ፣ የወተቱ በግራ። ሁለቱ የተቀላቀሉ ቀን ባለቤቴን እንቅልፍ አይወስዳትም። ልጄ ሳቋ አላስችል ብሏት ዳቦዋን አስቀመጠች። ነገሩ የወጥ ቤት አልነበረም። ክሪፕቶ የሚሉት ዲጂታል ገንዘብ አለ፤ እሷም በዚያ መረብ ውስጥ ናት፤ ሰዎቹ ሕግ እንለውጥ አንለውጥ ብለው ተጣልተዋል። መረቡ እንደ ሹካ ጣት ለሁለት ሊሰነጠቅ ይችላል። ታዲያ መንታ መንገድ ብትዪ ምን ነበረበት ብላት፣ ሕጉ ያንተ ነው፣ እነሱ ሹካ ነው የሚሉት፣ ቃሉን እንዳለ ወደ አማርኛ መለስኩት አለችኝ።

ከዚያ ዓይነቱን ዘረዘረችልን። ለስላሳው ሹካ ሕጉ ከድሮው ይበልጥ ጥብቅ ሲሆን ነው፤ አዲሱን ሕግ ያልተቀበለ ሰው እንኳ የተሠራውን አይቶ በድሮው ሕግም ትክክል ነው ይላል፣ አብሮም ይቀጥላል። ጠንካራው ግን ትናንት የተከለከለው ዛሬ ሲፈቀድ ነው፤ የድሮው ሕግ ሰው አልቀበልም ይላል፣ መረቡም ይለያያል።

ከእኔ በፊት የገባው ለባለቤቴ ነው። «እንደ ዶሮው ነዋ» አለች። አገር ቤት ዶሮ ከስጋ አይቆጠርም ነበር፤ በቅቤ ይሠራል። እዚህ ስንመጣ ዶሮም ስጋ ነው ተባልን፣ ቅቤው ቀረ። እናቴ ነፍሷን ይማር፣ አዲሱን ሕግ አንድም ቀን አልተቀበለችውም፤ ዶሮውን ግን ትበላው ነበር፣ ቅቤ አልባ ዶሮ በድሮውም ሕግ ክልክል አይደለምና። ቅቤው የት ሄደ ብላ መጠየቋን ብቻ እስክትሞት አልተወችም። ለስላሳ ሹካ ማለት እሷ ነበረች።

እኔ የያዘኝ ሌላ ጥያቄ ነው። የዚህ መረብ አለቃ ማን ነው? እኛ ሕንጻ ውስጥ ቫዓድ ባይት የሚባል ኮሚቴ አለን፤ ደረጃ ላይ ብስክሌት አታቁሙ ሲል ይሰማል፣ ወይም ባይሰማም የሚጮኸው ማን እንደሆነ ይታወቃል። ልጄ አለቃ የለም አለች። ፕሮግራሙን የሚጽፉ አሉ፤ ቆፋሪ የሚባሉ፣ በትልልቅ ማሽን ሒሳቡን የሚያሽጉ አሉ፤ ገንዘብ የበዛላቸውም አሉ፣ ድምፃቸው ይሰማል፣ አልዋሽህም አለች። ነገር ግን እያንዳንዱን ሥራ በሕጉ መሠረት የሚመረምሩ ትንንሽ ሣጥኖች በየሰው ቤት አሉ። አንዱ እኛ ሳሎን ውስጥ መደርደሪያው ላይ ነው፤ እኔ እስከዚያ ቀን የቴሌቪዥን ዕቃ ይመስለኝ ነበር። አዲሱን ሕግ እሷ ካልጫነችበት ያ ሣጥን አይቀበለውም፤ ብዙ ቤት እንዲህ ካለ ጸሐፊውም ባለገንዘቡም ብቻውን ይቀራል።

አባወራ የሌለው ቤት አይቆምም አልኳት። እሷም ፈገግ አለች። ያ ፈገግታ አልተመቸኝም።

በሰንበቱ ማግስት አዲስ ሕግ አወጅኩ። አማርኛ ዓርብ ብቻ ሳይሆን በየቀኑ፣ በቤቱ ሁሉ፤ ቃል የቀላቀለ የዕለቱን ሳህን ያጥባል።

«አባ ማለትስ?» አለች ልጄ። «ዕብራይስጥም ነው።»

ትንሽ አሰብኩና ፈቀድኩት፤ የእኛም ቃል ነው።

«ዳኛው ለራሱ ፈረደ» አለች ባለቤቴ።

ልጄ ግን ጎንበስ ብላ፣ «እሺ፣ አንቱ እንዳሉት ይሁን» አለች።

ከተወለደች ጀምሮ አንተ ስትለኝ የኖረች ልጅ ናት። አክብሮት አስተምሬያታለሁ ብዬ ደስ ሊለኝ ሲገባ፣ አንቱ የሚለው ቃል በመካከላችን እንደ ተዘጋ በር ቆመ።

ሕጉ ተከበረ። ቤቱ ጸጥ አለ። ሥራ እንዴት ነበር ስላት ደህና፣ ብዪ ስላት ጠግቤያለሁ ትለኛለች። የመረቡ ጠብ በዚያ ሰሞን እንደከረረ ከፊቷ አያለሁ፤ ሣጥኗ አጠገብ ቆማ ከንፈሯን ትነክሳለች። ሹካው መጣ ወይ ብዬ ስጠይቃት፣ ለእሱ አማርኛ አላገኘሁለትም ብላ ገባች። የልጄ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ በዕብራይስጥ የሚያልፍ ነው። ዕብራይስጡን ስከለክላት ቀኗን ነበር የከለከልኳት። ይህን ያወቅሁት ግን በሁለተኛው ሳምንት ነው፤ ለሰው ለመናገርም ኩራቴ አልፈቀደም።

አንድ ማክሰኞ ከበረሃ የሚመጣው ሙቀት ከተማውን ይዞት ዋለ። ከወደብ ላቤ እየተንጠባጠበ ገባሁና፣ ገና ከበሩ፣ «ማዝጋኑን ማነው ያጠፋው?» አልኩ።

የባለቤቴ ጭልፋ ድስቱ ላይ ቀረ። ልጄ አንገቷን ቀና አደረገች።

«ማዝጋን አልክ?» አለች ባለቤቴ።

«ማዝጋን አማርኛ ነው።»

«የየትኛው ጎንደር?»

ተከራከርኩ። ቃሉ ከዕብራይስጥ ቢመጣም፣ ቀዝቃዛ አየር የሚነፋውን ዕቃ አሽዶድ ውስጥ በሌላ ስም የሚጠራው ሐበሻ የለም አልኩ። የጸሎት ቤታችን ሽማግሌዎች ማዝጋን ነው የሚሉት። እናቴም ማዝጋኑ አጥንቴን ገባኝ ትል ነበር።

«ማን አጽድቆት ነው አማርኛ የሆነው?» አለች ልጄ።

«ማንም አላጸደቀውም። ሁሉም አለው፣ ገባ።»

ያልኩትን የሰማሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። ባለቤቴ ወደ ድስቱ ዞረች፤ ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ልጄ ግን አልሳቀችም። «ያን ዓርብ ልነግርህ የፈለግሁት ይህንን ነው፣ አባ» አለች። «ሕግ ከመጻፍ የሚከለከል የለም። የሚኖርበት ሰው ካልተቀበለው ግን ጽሑፍ ነው።»

ልነግርህ። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንተ ሆንኩ። ክርክሩን እንደተሸነፍኩ አውቄያለሁ፤ ግን በዚያች ሰዓት ያሸነፍኩ መሰለኝ።

ሕግ ሕግ ነውና እጅጌዬን ሰብስቤ ወደ ሳህኑ ሄድኩ። ልጄ ፎጣ ይዛ አጠገቤ ቆመችና ታወራ ጀመር። ጠንካራው ሹካ አልመጣም። ትልልቆቹ ሕጉን ጽፈው ጨርሰው ነበር፤ በየቤቱ ያለው ሰው አልጫነውም፣ እነሱም ቀስ ብለው ወደ ኋላ አሉ። ከሦስት ቃሏ አንዱ ዕብራይስጥ ነበር። ያልገባኝን ቃል ሁሉ ጠየቅኋት፤ አንዳንዱን ደግሞ እየገባኝ ጠየቅኋት፣ እንዳታቆም ብዬ።

እንደዚያ ስሰማ ነው አንዱን የስጋ ሹካ በግራው፣ በወተቱ መሳቢያ የጣልኩት። ባለቤቴ ከሳሎን የግራውን መሳቢያ ድምፅ ለይታ፣ ማን እንደሆነ ሳታይ ጠራችኝ።

ሕጌን እስከ ዛሬ አልሻርኩትም። የጫነው ሰው አላገኘሁም እንጂ ሕጉ አለ። ቅጣቱን ግን እኔ በየማታው እፈጽማለሁ፤ ማንም ቃል ሳይቀላቅል እንኳ ሳህኑ ጋ ቀድሜ እቆማለሁ፣ ልጄም ፎጣዋን ይዛ ትመጣለች።