ጣልያኖቹ ላይ የተቀዳ ሰላምታ

ሲያትል ውስጥ ሃብተስላሴን የማያውቅ ሀበሻ የለም። ዳውንታውን ፓርኪንግ ነው የሚሠራው፣ ግን ስለ ኖቴ ቪቫ ካነሳህበት ሥራውንም ይረሳል። ኖቴ ቪቫ የጣልያን ባንድ ነው። መጀመሪያ ሮክ ነበር የሚጫወቱት፣ ጊታሩ ጆሮ ይበጥሳል! በናይንቲ ቱ ዘፋኙ ጥሏቸው ሄደ፣ ከዚያ ወዲህ ለስላሳ የፍቅር ዘፈን ብቻ ሆነ። "ሸጡን!" ይላል ሃብቴ፣ እስከዛሬ እንደተናደደ ነው። ሶ፣ የድሮው ዘፋኝ ያለበት የመጀመሪያ ካሴታቸው ለሱ እንደ ልጁ ነው፣ አሁን የትም አይገኝም።

ባለፈው እሁድ እህቱ ክብረት አዲስ አበባ ላለችው እናታቸው ድምጿን ቀድታ ልትልክ ባዶ ካሴት አጣች። የሱን አነሳች፣ ላዩ ላይ እንዳይቀዳ የሚከለክሉትን ቀዳዳዎች በፕላስተር ደፈነችና አንደኛውን ፊት በሰላምታ ሞላችው። እኔ እዚያው ነበርኩ፣ ሃብቴ ሲሰማ አበደ።

"በጣልያኖቼ ላይ ስለ ጉንፋንሽ ታወሪያለሽ?"

"ኧረ በናትህ! ሌላው ፊት አልተነካም እኮ።"

"እማዬ መልሷን የት ልትቀዳ ነው? እዚያው ላይ ነዋ!"

እውነቱን ነው፣ ሁላችንም ቤት መልስ የሚመጣው በዚያው ካሴት ጀርባ ነው። ካሴቱን ነጥቋት ኪሱ ከተተ። ካሴቱን አዲስ አበባ ይዞላት የሚሄደው ሰውዬ ደግሞ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ሃብቴ ሮጦ ከሱቅ ባዶ ካሴት አመጣና ወረወረላት።

"እንደገና አውሪ!"

ክብረት እያፈጠጠችበት የቴፑን መቅጃ ቁልፍ ተጫነች።

"እማዬ፣ ይሄ ሁለተኛው ሰላምታ ነው። የመጀመሪያውን ልጅሽ ለጣልያኖቹ ሲል ኪሱ ከቶታል።"

ሃብቴ ቴፑ ላይ ጎንበስ ብሎ ጮኸ፣ "ግማሹን አጥፍታብኝ ነው፣ እማዬ!"