ባዶ ነው ያልኩት ፍላሽ

ባለፈው ሳምንት ክፍሌ ደወለልኝ። ክፍሌ ከደቡብ አፍሪካ ተመልሶ ቡታጅራ ላይ የግንባታ ዕቃ መደብር የከፈተ ሰው ነው። ሰላምታው ረጅም ነው፤ የልጆቼን ጤና፣ የባለቤቴን ሥራ፣ የወልቂጤን ሙቀት አንድ በአንድ ከጠየቀ በኋላ ወደ ጉዳዩ ገባ። ለመደብሩ ኮምፒውተር አንቲቫይረስ ሊጭን ነው፤ በክፍያ የሚሸጥ አንድ አግኝቷል።

«ይሠራል ወይ? ይታመናል ወይ? እሱን ንገሪኝ» አለ። «አንቺ ግዛ ካልሽኝ እገዛለሁ፣ ተው ካልሽኝ እተዋለሁ። እንደዚያኛው ደግሞ እንዳይበላኝ።»

እኔ ወልቂጤ ውስጥ የአንድ ኮሌጅ ኮምፒውተሮችን የምንከባከብ ሰው ነኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ በየቀኑ ይመጣልኛል፤ መልሱም ከባድ አይደለም። ማን ሠራው? በየጊዜው ይታደሳል ወይ? ያስወገደውን ነገር መልሶ ያሳያል ወይስ ዝም ብሎ እያስፈራራ ክፈሉ ክፈሉ ይላል? ይህን አይቼ ግዙ ወይም ተዉት እላለሁ። ለክፍሌ ግን «ነገ ልደውልልህ» ብዬ ዘጋሁት። «እንደዚያኛው» ያለው ነገር ምን እንደሆነ ከእሱ ይልቅ እኔ አውቀዋለሁ።

ያኔ ከሃያ ዓመት ብዙም አላለፍኩም። ቡታጅራ ላይ ከአንድ ወፍጮ ቤት አጠገብ ትንሽ የጽሕፈት ቤት ነበረችኝ። ደብዳቤ እጽፋለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ ካሜራ ስለነበረኝ ቪዲዮም እቀርጻለሁ። ወፍጮ ቤቱ በርበሬ በሚፈጭበት ወቅት የማረቆው ብናኝ በግድግዳው ስንጥቅ እየገባ ኪቦርዱን ቀይ ያደርገው ነበር። ደንበኞቼ እያነጠሱ ነው ማመልከቻቸውን የሚያስጽፉት። ከበርበሬው የባሰ ያስቸገረን ግን የፍላሽ ቫይረስ ነበር። ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው በፍላሽ ይዛመታል፤ የተማሪውን የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የቸርቹን የመዝሙር ቅጂ፣ የሁሉንም ያምሰዋል።

አንቲቫይረሱን የሸጠልኝ ነስሩ ነው። ነስሩ የወልቂጤ ልጅ ሲሆን ከእኔ ሱቅ ፊት ለፊት ቻርጀር፣ ማውዝና ፍላሽ ይሸጥ ነበር። ጠዋት ሱቁን ሲከፍት ለሙስሊሙ «አሰላሙ አለይኩም»፣ ለእኔ ደግሞ «እንዴት አደርሽ የበርበሬዋ ልጅ» ይላል። ብዙዎቻችን ነጻውን ወይም የተሰረቀውን በምንጭንበት ጊዜ እሱ በካርቶን የታሸገውን፣ ሕጋዊ ቁልፍ ያለውን ከአዲስ አበባ አስመጣ። ሲሸጥልኝም አላጋነነም።

«መድኃኒት ነው እንጂ ተአምር አይደለም» አለኝ። «ግራ የገባሽ ነገር ካለ ደግሞ ምንም ሳትነኪ ጥሪኝ።»

ያጋነንኩት እኔ ነኝ። «በክፍያ በተገዛ አንቲቫይረስ ፍላሽዎን እናጸዳለን» ብዬ በትልቁ አትሜ በሬ ላይ ለጠፍኩ። የከፈልኩበት ነገር ሁሉ የሚሠራ ይመስለኝ ነበር። አንቲቫይረስ እንደ ዘበኛ ነው፤ ሌሊቱ በሰላም ሲነጋ ዘበኛው ጎበዝ ሆኖ ይሁን ሌባ ሳይመጣ ቀርቶ ማን ያውቃል? እኔ ግን አውቃለሁ ብዬ ከተማውን አሳመንኩ።

የዚያን ዓመት የመስቀል ሰሞን ከቡኢ አካባቢ ጋሽ ሳህሌ ከልጃቸው ከአስካለ ጋር መጡ። ጭቃው ገና አልደረቀም፤ የሽማግሌው ቦቲ ጫማ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ቀልቶ ነበር። መንደሩ ሁሉ ከአዲስ አበባና ከየአገሩ በተመለሱ ልጆች ሲሞላ፣ የእሳቸው ወንድ ልጅ ደቡብ አፍሪካ ቀርቷል። ያ ልጅ ክፍሌ ነው። በእኛ አገር መስቀል ላይ ከአባቱ ክትፎ ተቋድሶ ያልተመረቀ ልጅ ዓመቱን ሙሉ አንድ ነገር የጎደለው ይመስለዋል። ጋሽ ሳህሌም ምርቃታቸውን በቪዲዮ ሊልኩለት ነው የመጡት። አስካለን «አንቺ ውጪ ጠብቂ፣ የአባትና የልጅ ነገር ነው» ብለው አስወጧት። እኔ ከካሜራው ጀርባ ቆሜ ቀረጽኳቸው። ሲሄዱ በቅጠል የተጠቀለለ ቆጮና አይብ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡልኝ።

ካሜራው ለሌላ ሥራ ይፈለግ ስለነበር ቪዲዮውን ወደ አስካለ ፍላሽ አሻገርኩና ከካሜራው አጠፋሁት። አስካለ በኢንተርኔት ልትልከው ወደ አንድ ካፌ ወሰደችው። መስመሩ አልችል አላት፤ ፍላሹ ግን ቫይረስ ይዞ ተመለሰ። ከፍተን ስናየው የራሷ ፎልደሮች መስለው የተቀመጡት ሁሉ ሐሰተኛ ነበሩ።

«አይዞሽ፣ የእኔ በክፍያ የተገዛ ነው» አልኳትና አንቲቫይረሱን አስጀመርኩት። ሐሰተኞቹን አንድ በአንድ ለቀመ። ሲጨርስ ፍላሹ ባዶ ሆነ። ምንም የለም።

አስካለ እጇን አፏ ላይ ጫነች። እኔ ደነገጥኩ፤ ከድንጋጤዬ በላይ ደግሞ በሬ ላይ የለጠፍኩት ወረቀት አሳፈረኝ። አንድ ነገር አይቻለሁ። ፍላሹ በዓይን ባዶ ቢሆንም፣ ስለ ይዞታው የሚያሳየው ሰሌዳ ግን ግማሽ በግማሽ መያዙን ይናገር ነበር። ባዶ ዕቃ እንዴት ግማሹ ሞላ? ለአፍታ ግር አለኝ። ነስሩ ፊት ለፊት ሱቁ በር ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ድምፄን ከፍ ባደርግ ይሰማኛል። አልጠራሁትም። የቀረው የቫይረሱ ቆሻሻ ይሆናል ብዬ ፍላሹን ፎርማት አደረግኩት፤ ያለውን የሌለውን ጠርጌ ንጹሕ አድርጌ ሰጠኋት። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል። እኔ ያፈሰስኩት የማይለቀም ነበር።

ያን ቀን ግን እንደዚያ አልመሰለንም። ሽማግሌው ደህና ናቸው፤ እንደገና ይመርቃሉ አልን። እሳቸውም ሲነገራቸው ሳቁ አሉ። «እኔ የመረቅኩት ደርሷል፤ የማሽኑን ለመጪው መስቀል እንደገና እናደርገዋለን» አሉ። መጪው መስቀል ሳይደርስ፣ እንሰቱን ሲቆርጡ ውለው የገቡ ቀን ወገቤን አሉ፤ ሳምንት ሳይሞላቸው አረፉ።

ክፍሌ መምጣት አልቻለም። በስልክ ያለቀሰው ለቅሶ መንደሩን ሁሉ አስለቀሰ። «ቢያንስ ያችን ቪዲዮ ላኩልኝ» አለ። ቪዲዮዋ የለችም። ሐዘን ደግሞ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል። ከአርባው በኋላ ቤተሰቡ «የሸጥከው ዕቃ ቪዲዮውን በላው» ብሎ ነስሩን በሽማግሌ አስጠራው። የተሰበሰብነው ከቤታቸው ፊት ባለው ሰፊ ሣር ላይ ነበር፤ ሰዉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ለብሷል።

ከሽማግሌዎቹ ትልቁ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ እኛ ይህን ነገር አናውቀውም። ቅቤ ቢሆን እንቀምሰው ነበር፣ በሬ ቢሆን ጥርሱን እናየው ነበር። የምታውቂው አንቺ ነሽ። ዕቃው በልቶታል ወይስ አልበላውም?»

«በልቶታል» አልኩ። «በዓይኔ አይቻለሁ፤ ባዶ ነበር።»

ነስሩ ብድግ አለ። «ፍላሹን አምጡልኝ፤ አንዴ ልየው።»

«አጽድቼዋለሁ» አልኩት።

እንዴት እንዳየኝ አልረሳውም። ሽማግሌው «እንግዲያስ ዕቃዬ አልበላም ብለህ ማል፣ ነገሩ እዚህ ላይ ይለቅ» አሉት። በዚያ አገር መሐላ ቀልድ አይደለም፤ በሐሰት የማለ በዘሩ ይደርስበታል ተብሎ ይፈራል።

«ይህ ዕቃ የሰው ፋይል ያጠፋል ብዬ አላምንም» አለ ነስሩ። «ግን ፍላሹን አላየሁትም። ባላየሁት ነገር አልምልም።»

አለቀ። የማይምል ሰው ያውቅበታል ማለት ነው። ባይጠነቀቅ ኖሮ፣ እንደ አንዳንዱ ነጋዴ ቀልጠፍ ብሎ ቢምል ኖሮ ነጻ ይወጣ ነበር። የተፈረደበት ስለሚፈራ ነው። እኔ ያላየሁትን አየሁ ብዬ ተመሰገንኩ፤ እሱ ያላየውን አላየሁም ብሎ ተዋረደ። ያ ግማሽ የሞላ ሰሌዳ በዓይኔ ላይ ነበር፤ አፌን ከፍቼ «አንድ ግራ ያጋባኝ ነገር ነበር» ማለት እችል ነበር። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና ዝም አልኩ። ነስሩ ዕቃውን ከገበያ እንዲያነሳና ሐዘንተኞቹን ይቅርታ እንዲጠይቅ ተወሰነ። «ስላዘናችሁ አዝናለሁ» አለ፤ ከዚያ በላይ አልወጣውም። ከዚያ ወዲያ ከእሱ ቻርጀር እንኳ የሚገዛ ጠፋ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ ጊዜ ሳይወስድ ሱቁን ዘግቶ ወደ ወልቂጤ ተመለሰ።

እውነቱን ያወቅኩት ኮሌጅ ገብቼ ስማር ነው። መምህራችን አንድ ቫይረስ የገባበት ፍላሽ አሳየን። ያ ቫይረስ ፋይሎችን አያጠፋም፤ ይደብቃቸዋል፣ በቦታቸውም ሐሰተኛ ያስቀምጣል። አንቲቫይረሱ ሐሰተኞቹን ሲያስወግድ ፍላሹ ባዶ ይመስላል። መምህሩ የተደበቀውን አሳይ የሚለውን ሲነካ ፎልደሮቹ ሁሉ ፈዘዝ ብለው ብቅ አሉ። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ ሳቀ። እኔ ተነስቼ ወጣሁና ከሕንጻው ጀርባ ተቀመጥኩ። የነስሩ ዕቃ ሥራውን በትክክል ሠርቶ ነበር። የጋሽ ሳህሌ ቃል እዚያው ነበር። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ በሰው ላይ ያሳበብኩትም እኔ ነኝ።

ነስሩን ፈልጌ አገኘሁት። ወልቂጤ መናኸሪያው አካባቢ ስልክ ይጠግናል። ሳወራለት አንገቱን ደፍቶ የያዘውን ስልክ መፍታቱን አላቆመም።

«ያኔውኑ ገብቶኛል» አለኝ። «አጽድቼዋለሁ ስትይ ነው የገባኝ።»

«ይቅር በለኝ።»

«እዚህ መጥተሽ በጆሮዬ ብትነግሪኝ ምን ይሠራልኛል? እዚያ ሣር ላይ ያልሽውን እዚያው ሣር ላይ መልሺው። ያን ጊዜ ይቅር እልሻለሁ።»

እሺ አልኩት። ከወልቂጤ ተነስቼ በአረቅጥ በኩል ቡታጅራ ልሄድ ስንት ጊዜ ተሳፈርኩ። ደጋው ላይ ጉሙ መስታወቱን ሲሸፍነው፣ ብርዱ በመስኮቱ ሲገባ፣ ዛሬስ እናገራለሁ እላለሁ። ቁልቁለቱን ስንወርድ ግን ሌላ ሐሳብ ይመጣል፤ እናቴ በከተማው በምን ዓይን ትታያለች፣ አስካለስ ምን ትላለች። አስካለ ባየችኝ ቁጥር አቅፋ ትስመኛለች። «አንቺ ባትኖሪ ማን እውነቱን ይመሰክርልን ነበር» ትለኛለች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። እኔ ላይ ግን እያደር የበረታው ፍርሃቴ ነው። እያንዳንዱ ዓመት ሲጨመር ለመናገር የባሰ ከበደኝ፤ ነስሩንም መንገድ ላይ ሳየው መንገድ መቀየር ጀመርኩ።

ለክፍሌ በነጋታው ደወልኩ። አንቲቫይረሱ ደህና እንደሆነ፣ መግዛት እንደሚችል ነገርኩት። ከዚያ «የዚያኛውም ዕቃ ደህና ነበር» አልኩና ሁሉንም ነገርኩት። ሳያቋርጠኝ ሰማኝ።

«ድምፁ እዚያ ውስጥ ነበር ማለት ነው?» አለ።

«ነበር።»

«አንቺ ስትቀርጪ ሰምተሽዋል።»

«ሰምቻለሁ።»

«ምን አለኝ?»

የማስታውሰውን ነገርኩት። ከፊትህ ይቅደምህ፣ ከኋላህ ይከተልህ፣ በሰው አገር ሰው አያሳጣህ አሉ። አሜን ካሉ በኋላ ወደ ካሜራው ጠጋ ብለው በአካባቢያቸው ቋንቋ፣ በክስታንኛ፣ አንድ ነገር ተናገሩ። እኔ የሌላ የጉራጌ ቤት ልጅ ነኝ፤ ክስታንኛ አልሰማም።

«ተቆጥቶ ነው ያለው?»

«አይደለም። እየሳቁ ነበር።»

ክፍሌ አልሰደበኝም፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ወልቂጤ መጥቶ ነስሩን ራሱ ይቅርታ ጠየቀው። በመጪው እሁድ ሦስታችንም ከቤተሰቡና ከሽማግሌዎቹ ጋር እዚያ ሣር ላይ እንገናኛለን፤ እናገራለሁ። ቀለለኝ ብል ግን እዋሻለሁ። ክፍሌ ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ ይደውላል። በቋንቋቸው አንድ ነገር ይልና «እንዲህ ነበር? ይሄን ይመስላል?» ይለኛል። አንዳንዱ አባት ለልጁ የሚለው የፍቅር ቃል ይመስለኛል፤ ድምፁ ይለሰልሳል። አንዴ «አዎ፣ እሱ ነው» ብዬ ብነግረው እንቅልፍ ያገኝ ነበር። አፌ ላይ ይመጣል። ነገር ግን በአባቱ ቃል ጉዳይ አንዴ ያላየሁትን መስክሬያለሁ፤ ያልገባኝን ሰማሁ ብዬ ደግሞ አልመሰክርም። «አላውቀውም፣ ክፍሌ» እለዋለሁ። እሺ ብሎ ይዘጋል፤ በማግስቱም ሌላ ቃል ይዞ ይደውላል።