ማህተም ያልተመታበት ኢሜይል

ኢሜይል የሚል ቃል በሰማሁ ቁጥር የማህተም ቀለም ይሸተኛል። ሰው ሲነገረው ይስቃል፤ እኔ ግን አልስቅም።

መካኒሳ ውስጥ የቆዳ ቦርሳ በሚያመርት ትንሽ ድርጅት ጸሐፊ ነበርኩ። ቦርሳውን የሚሰፉት አምስት ሴቶች ሁሉም የኮንትራት ነበሩ። ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡትን አንዷን እትዬ እላቸዋለሁ። አንድ የውጭ አገር ደንበኛ ናሙናችንን ወዶ ነበርና፣ ትዕዛዙ ከመጣ ሴቶቹ ቋሚ እንደሚሆኑ አለቃችን ቃል ገባ። ደንበኛው የሚጻጻፈው በኢሜይል ብቻ ነው። ስለዚህ ኢሜይል ሊገባልን ሆነ።

የሚያስገባልን ባለሙያ መጥቶ ሁለት መንገድ እንዳለ አስረዳ። ወይ እያንዳንዱ የቢሮ ሠራተኛ የራሱ አድራሻ ይኖረዋል፣ የሚመለከተውንም እዚያው ይመልሳል። ወይ ድርጅቱ አንድ አድራሻ ይኖረዋል። አለቃችን ዕድሜውን በመንግሥት መዝገብ ቤት የፈጀ ሰው ነበር።

«ሁሉም በየፊናው ሊጽፍ? ይሄ ድርጅት ነው ወይስ ጠላ ቤት?» አለ።

አንድ አድራሻ ተመረጠ። ደንቡም ወጣ። የገባው ኢሜይል በወረቀት ይታተማል፣ በገቢ መዝገብ ቁጥር ይሰጠዋል። አለቃችን በቀይ እስክሪብቶ «ቀርቦ ይታይ» ይልበታል። መልሱን እተይባለሁ፣ እሱ ይፈርማል፣ ማህተም ይመታል። ከዚያ ኮምፒዩተሩ ላይ ተቀምጬ ያንኑ ጽሑፍ እንደገና ጽፌ እልካለሁ። ማህተም ያረፈበት ወረቀት የትም አይሄድም፤ እኛው ፋይል ውስጥ ይቀራል።

ባለሙያው ዓይኑን ማመን አቃተው። «ጋሼ፣ ማህተሙ እኮ በስልክ መስመር አይሄድም።»

«ባይሄድም መኖሩን እኔ አውቃለሁ» አለው አለቃችን።

ያን ጊዜ እኔም ልክ መስሎኝ ራሴን ነቀነቅሁ። ይሄ ነው የሚያስጠላኝ።

አንድ ሰኞ ጠዋት ደንበኛው ጻፈ። ጥቁሩን ቆዳ በቡናማ መለወጥ እንችል እንደሆነ ጠየቀ፤ እሺ ካልን ትዕዛዙን እንደሚያጸድቅ፣ እስከ ረቡዕ እንድናሳውቀው። ቡናማ ቆዳ መጋዘን ሞልቷል። እትዬ ሲሰሙ እጃቸውን አጨበጨቡ።

አለቃችን ግን የባለቤቱ አጎት ሞተውበት ሀና ማርያም ለቅሶ ላይ ነበር። ማህተሙ እንደ ወትሮው ኮት ኪሱ ውስጥ ነው። ማክሰኞ ወረቀቱን አጥፌ በቦርሳዬ ይዤ ሄድኩ። ድንኳን ውስጥ ተቀመጥኩ፣ እግዜር ያጥናችሁ አልኩ፣ ንፍሮ ቃምኩ። አለቃችን ከፊት ለፊቴ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ለቅሶ ቤት ፊርማ ይጠየቃል እንዴ! ቦርሳዬን ሳልከፍት ተመለስኩ።

ሠልስቱ አልፎ አለቃችን ዓርብ ቢሮ መጣ። ወረቀቱን አንብቦ «ቀርቦ ይታይ» ብሎ ጻፈበት። ተየብኩ፣ ፈረመ፣ ማህተም መታ። ቀለሙ ደብዘዝ ቢልበት በሌላ ንጹሕ ወረቀት አስተይቦኝ ደግሞ መታ። ላክሁት። ከሰዓት በኋላ መልስ መጣ፤ በጊዜው ስላልመለስን ሥራውን ለሌላ ሰጥቶታል፣ ያመሰግናል። እሱንም አትሜ የገቢ ቁጥር ሰጠሁት።

በወሩ መጨረሻ ሴቶቹ ተሰናበቱ። እትዬ መቀሳቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ቢሮዬ በር ላይ ቆሙ።

«የኔ ልጅ፣ በዚህ መሣሪያ መልስ ለመላክ ስንት ቀን ይፈጃል?»

«አንድ ደቂቃ፣ እትዬ።»

«መክፈቻውን የሚያውቁት አለቃችን ብቻ ናቸው?»

«እኔም አውቀዋለሁ።»

«ታዲያ አንቺ ምን ትጠብቂ ነበር?»

«ማህተም» አልኳቸው።